ልጅዎን ወደ ቦርዶ ይላኳት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንዲት እናት፣ ልጃቸው በልውውጥ ትምህርት ፈረንሳይ፣ ቦርዶ እንደደረሳት ገልጸው፣ «የወይን ጠጅ አገር ነው አሉኝ፤ ልላካት ወይስ ልከልክላት?» ሲሉ ጠይቀዋል። መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት መጠጥ ደጃፉን በማይረግጥበት የጴንጤ ቤት ነው። ለዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ቦርዶ ስሄድ አባቴም እንደ እርስዎ ነበር የተጨነቀው።

እናታችን፣ መጠጡ አያስጨንቅዎ። እዚያ ወይን ጠጅ ከምግብ ጋር ይቀርባል እንጂ ማንም በግድ አያጠጣም። «አልጠጣም» ካልኩ በኋላ የጨቀጨቀኝ ሰው የለም፤ እኛ ሰርግ ላይ «በሞቴ» እያልን የምናስጨንቀው ይብሳል። ምግብ ቤት ገብታ የቧንቧ ውሃ በጆግ ብትጠይቅ በነፃ ያቀርቡላታል። በቅምሻ ትምህርት ጊዜ እንኳ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አፋቸው ውስጥ አዙረው ይተፉታል፤ መትፊያው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ቀለሙን እያየሁና እያሸተትኩ ተማርኩ፤ መምህሩም ቅር አላለውም።

ልጅዎን የሚከብዳት እሁድ ነው። አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፍቅር ሐይቅ ወርዶ ዓሣ መብላት ለለመደ ሰው ያ ዝምታ ልብ ይሰብራል። አስቤዛዋን ቅዳሜ ትጨርስ፣ እሁድን ብቻዋን አትዋል። ዳቦ ቤትም ሆነ ቢሮ ስትገባ አስቀድማ «ቦንዡር» ትበል፤ ያለ ሰላምታ ጥያቄ የጀመረ ሰው እንደ ባለጌ ነው የሚታየው።

ወረቀቱንም አደራ። በረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ ከገባች፣ በ3 ወር ውስጥ በኢንተርኔት ማረጋገጥ አለባት። ሥራ ካማራት ለተማሪ በዓመት እስከ 964 ሰዓት ይፈቀዳል። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ማደሪያ ቤት ያገኘኋት የሴኔጋል ልጅ ናት። ከመሄዳችን በፊት በተሰጠን ገለጻ ስለ ውጤትና ስለ ስነ ምግባር እንጂ ስለ ኑሮ አንድም ቃል አልተነሳም።

መስከረም ላይ እዚያ ከሆነች የወይን ለቀማውን ታያለች። እኔ የለቀምኩት ሳንት ኤሚልዮን አጠገብ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አካባቢ ነው። ጠዋት ቅጠሉ ጤዛ ስለሚይዝ ጣት ይደነዝዛል። ተክሉ አጭር ነውና ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ በመቀስ መቁረጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ባለ እርሻውም ለቃሚውም አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይከባሉ። የመስቀል ዕለት እዚያ ተቀምጠን ሽማግሌው ባለ እርሻ አገሬን ጠየቁኝ። ሲዳማ ስላቸው ተነስተው ከኩሽና የቡና ከረጢት ይዘው መጡ፤ «ሞካ ሲዳሞ» ይላል።

ከዚያ ጥያቄው አላባራ አለ። ከየትኛው ተራራ? ከፍታው ስንት ነው? ማን ይለቅመዋል? ሲዳማ ውስጥ ቤንሳ ስለሚበቅለው የአጎቴ ቡና ነገርኳቸው፤ ቀዩን እየመረጡ መልቀሙን፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቁን። ሁሉም መብላቱን ትቶ ሰማኝ። ሽማግሌው የራሳቸውን ሰፈር ስም ጠርሙሱ ላይ አሳዩኝ፤ ከዚያ መሬት ያልበቀለ ወይን ያንን ስም እንዳይሸከም ሕግ ይከለክላል። የአጎቴ ቡና ግን ቤንሳ የሚባል ስም ከረጢቱ ላይ የለውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ልጅዎ በዓይኗ አይታ እንድትመለስ ነው የምፈልገው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ተማሪ ከመሸኘታችሁ በፊት ሄደው የተመለሱትን ጥሩና ግማሽ ቀን አብረው ይቀመጡ። በወይን ዙሪያ የሚያጠኑትንም መጀመሪያ ዝዋይ ውሰዷቸው፤ የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ የተከለው ወይን ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ የምናልፈው መንገድ ላይ ነው። የአገሩን ተክል አውቆ የሄደ ተማሪ እዚያ የሚጠይቀው አያጣም።

አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። እናትየው ከፈቀዱ ስጡልኝ፤ ልጅቷን ከመሄዷ በፊት ቤቴ ጠርቼ ቡና እያፈላሁ የቀረውን እነግራታለሁ።

የቀድሞ የልውውጥ ተማሪ፣ ከሐዋሳ