የኩሬ ውሃ በዱቄት ብቻ አይጠራም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ዙሪያ አሳ የምናረባ ሰዎች ሰሞኑን ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፤ "ውሃ የሚያጠራ ባክቴሪያ"። በዱቄትም በፈሳሽም ይሸጣል። ኩሬው ላይ በትኑት፣ ሽታውም ጭቃውም ይጠፋል ይሉናል። ባክቴሪያ ውሃ ያጠራል መባሉ ሐሰት አይደለም። ግን ወሬው ግማሹን አስቀርቷል።

ኩሬን በዋናነት የሚመርዘው አሞኒያ ነው። አሳው ራሱ ያስወጣዋል፤ ሳይበላ ቀርቶ የሚበሰብስ መኖም ይጨምርበታል። ናይትሮሶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ናይትራይት ያደርጉታል። ይሄም መርዝ ነው፤ የአሳውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ይከለክለዋል። ከዚያ እነ ናይትሮባክተርና ናይትሮስፓይራ ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ናይትሬቱ አሳውን ብዙም አይጎዳውም። ብዙ ጊዜ ለገበያ የሚቀርበው ግን ባሲለስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው። የእሱ ሥራ ታች የተኛውን ዝቃጭ ማፈራረስ ነው። ዝቃጩ ሲፈርስ ደግሞ አሞኒያ ይለቃል! ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ብር ማውጣት ምን ይሉታል?

ሌላው ጉዳይ አየር ነው። በአሞኒያ ውስጥ ያለ 1 ግራም ናይትሮጅን ናይትሬት እስኪሆን 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይበላል። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሌሊት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑን ይሻማል። ለዚህ ነው ቆሮሶ የምንለው አሳ ንጋት ላይ አፉን ከፍቶ ውሃው ፊት ላይ የሚታየው። እንዲህ ባለ ኩሬ ላይ ባክቴሪያ መበተን በድርቅ ዓመት እንግዳ መጥራት ነው።

ደግሞስ አሞኒያውን የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በየኩሬያችን አሉ። ቀስ ብለው ነው የሚባዙት፤ አዲስ ኩሬ ላይ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፣ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ደግሞ የባሰ ይዘገያሉ። አሜሪካ የሚገኘው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚሸጠውን ዓይነት ካትፊሽ የተባለ አሳ በሚረባባቸው ኩሬዎች ሞክረውት ነበር። በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት የውሃው ጥራት ላይ ያን ያህል ለውጥ አላዩም። እውነቱን ለመናገር ከሞት የተረፈው አሳ ግን በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ዱቄቱ ጨርሶ ከንቱ ነው አልልም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው የምለው።

መጀመሪያ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በእጅ ግምት መዝራት ይቅር። አሳው በደቂቃዎች ውስጥ ጠርጎ የማይጨርሰው መኖ ትርፍ ነው። ፓምፕ ያለው ሰው ንጋት ላይ ውሃውን እያነሳ ይርጨው፤ አየር ይገባዋል። ባክቴሪያ ተጣብቆ የሚኖር ስለሆነ ጠጠር የሞላ ማጣሪያ ቢሠራለት ይወዳል። ከኩሬ የሚለቀቀውን ውሃ ደግሞ እባካችሁ በቀጥታ ወደ ጣና አትልቀቁት። ናይትሬት ለጎመንና ለሽንኩርት ማዳበሪያ ነው፣ ለእምቦጭም እንደዚያው! የጓሮ አትክልት ይጠጣው፣ የተረፈው በደንገል መካከል ይለፍ።

ጋዜጣችሁ የሚመለከተውን ክፍል ሁለት ነገር ቢጠይቅልን ደስ ይለናል። እነዚህ ምርቶች ከመሸጣቸው በፊት በእኛ ከፍታና ብርድ የሚሞክራቸው ማነው? ጥቂት ጠብታ ጨምረው በቀለሙ አሞኒያውን የሚያዩበት መለኪያስ ለምን በየወረዳው የግብርና ባለሙያ እጅ አይገኝም?

አንድ አሳ አርቢ
ከባሕር ዳር