እማዬ፣ ገና ያላየሽው አለ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምታነብልሽ ሜሮን መሆኗን አውቃለሁ። ሜሮንዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። መሀል ላይ አስቸጋሪ ስሞች አሉ፤ ካቃቱሽ ዝለያቸው።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ እሱ ሲሻለው ደግሞ አንቺ «ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ።

ባለፈው ስለ ዓይንሽ ሳነሳብሽ «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ላይ ብዬ ነው» አልሽኝ። ሌሊቱን ስበሳጭ አደርኩ። ምስር መልቀም መተውሽን የሰማሁት ከሜሮን ነው። አንዲት ጠጠር የማታመልጥሽ ሴትዮ! ለምን አልነገርሽኝም?

ሌላም ነገር ብለሽ ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ አሸዋ ትለቅማለች አሉ።» ማን እንዳለ ገብቶኛል፤ አልተቀየምኩም። ውሸትም አይደለም።

እዚህም ቢሆን ሥራዬን የሚያውቅ የለም። በኮንዶሚኒየሙ «ዶክተሯ» ነው የምባለው። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ትኩሳት የያዘው ልጇን ታቅፋ በሬን ደበደበችው። የድንጋይ ዶክተር ነኝ ብዬ በዚያ ሰዓት እንዴት ላስረዳት? ታክሲ ጠርቼ አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ልጁ ዳነ። እናቲቱ ግን ያዳነችው ዶክተሯ ናት ብላ ለብሎኩ ሁሉ አውርታለች። አሁን ደም ግፊት ለኪልን የሚሉኝ አሉ።

የምለቅመው ፎራሚኒፌራ ይባላል። ባጭሩ ፎራም። ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ሰውነቱ አንዲት ሴል ብቻ የሆነ ፍጥረት ነው። ታዲያ ያችን ይዞ ለራሱ ቤት ይሠራል። ብዙዎቹ የሚሠሩት የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ ከተሠሩበት ነገር ነው። አብዛኛው ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። ሲሞት ቤቱ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፤ በሱ ላይ ሌላው፣ በዚያ ላይ ሌላው። ሲቆይ ድንጋይ ይሆናል። መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ነው፤ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። እኔ ከታች ጀምሬ እየገለጥኩ የትኛው ፎራም መቼ እንደነበረ፣ መቼ እንደጠፋ አያለሁ።

ሥራው ያንቺው ነው። ድንጋዩን እዘፈዝፋለሁ። በወንፊት አጥበዋለሁ፤ የወንፊቱ ቀዳዳ የአንድ ሚሊ ሜትር 1/16ኛ ገደማ ነው። አደርቀዋለሁ። ጥቁር ዝርግ ሳህን ላይ በትኜ በማይክሮስኮፕ እያየሁ፣ በቀጭን እርጥብ ብሩሽ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ከአንድ ናሙና 300 ያህል። ብሩሹን የማረጥበው በምላሴ ነው፤ ይህን ለማንም እንዳታወሪ።

ምስር ካልን ደግሞ አንድ ጨዋታ ልንገርሽ። አያቶቻችን ግብፅን ምስር ይሏት የለ? ከ2000 ዓመት በፊት ስትራቦ የሚባል ግሪካዊ ፒራሚዶቹን ሊያይ ሄደ። ግርጌያቸው የምስር ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ተከምረዋል። የአገሩ ሰዎች «ሠራተኞቹ በልተው የተረፋቸው ምስር ነው፣ ድንጋይ ሆኖ ነው» አሉት። እሱ አላመነም። ልክ ነበር። ኑሙላይትስ የሚባሉ ትልልቅ ፎራሞች ናቸው፤ የጊዛ ፒራሚዶች የተሠሩበት የኖራ ድንጋይ በነሱ የተሞላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ጣሊያን አገር ጉቢዮ በምትባል ከተማ አጠገብ የኖራ ድንጋይ ገደል አለ። መሀሉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች የሸክላ አፈር መስመር አለች። ከመስመሯ በታች ፎራሞቹ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ትልልቅ፣ ያጌጡ። ከመስመሯ በላይ ጥቂት ደቃቆች ብቻ ቀርተዋል። እነዚያን ፎራሞች ኢዛቤላ ፕሬሞሊ ሲልቫ የምትባል ጣሊያናዊት አጥንታቸው ነበር። በኋላ ዋልተር አልቫሬዝ የሚባል አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት ከመስመሯ አፈር ቆንጥሮ ለአባቱ ወሰደለት። አባትየው ሉዊስ በፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙ ናቸው። (እኔ አፈር ይዤልሽ ብመጣ «ጫማሽን አራግፊ» ነው የምትይኝ።) ከሁለት ኬሚስቶች ጋር ሆነው ሲለኩት ኢሪዲየም የሚባል ብረት በዝቶ ተገኘ። ምድር ላይ ብርቅ ነው፤ ከሰማይ በሚወድቁ ድንጋዮች ውስጥ ግን ሞልቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ከሰማይ ግዙፍ ድንጋይ ወድቋል ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው አላመናቸውም። በ1991 ሜክሲኮ ውስጥ ቺክሹሉብ ላይ የተቀበረው ጉድጓድ የዚያው ድንጋይ መሆኑ ተነገረ። ወርዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮን እንደማለት።

ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የደብራችን ቄስ ዓለም ከተፈጠረ 7500 ዓመት እንደሆነ እንደሚነግሩሽ አውቃለሁ። በደብዳቤ አንከራከርም።

አቧራውና ጥላሸቱ ፀሐይን ጋረደ። ሰው የሚያወራው ስለ ዳይኖሰሮቹ ነው። ከባሕሩ ላይኛ ክፍል ተንሳፍፈው ከሚኖሩት የፎራም ዓይነቶች ግን ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት ጠፉ። ከተረፉት አንዷ ጉምቤሊትሪያ ናት። ትንሽ ናት፣ መልክም የላት፣ ኑሮ አትመርጥም። በማይክሮስኮፕ ባየኋት ቁጥር እትዬ ዘነቡ ትዝ ይሉኛል።

ከወለሉ የሚኖሩት አብዛኞቹ ያን ጊዜ ተርፈው ነበር። የነሱ ተራ የደረሰው 10 ሚሊዮን ዓመት ቆይቶ ነው። አየሩ ውስጥ ብዙ ካርቦን ገባ፣ ምድር ቢያንስ በ5 ዲግሪ ሞቀች፣ የባሕሩ ውኃ አሲድ አበዛ። ከጥልቁ ባሕር ፎራሞች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆን ዓይነት አለቀ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። ዛሬ እኛ ካርቦኑን የምንለቀው ከዚያን ጊዜው በፈጠነ ሁኔታ ነው።

የኛው ገደልስ? ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ያለው ፈዛዛ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር፤ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ፎራም አለበት። ከላይ እናንተ የምታርሱበት ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። የ66 ሚሊዮኑ የባሕር ወለል እኛ ዘንድ የለም፤ ባሕሩ ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ ናሙናዬ ከሌላ አገር በጠርሙስ ይመጣልኛል። ሜሮን፣ ከበረሃው ፈዛዛ ድንጋይ አስመጪና ሎሚ ጨምቂበት። አረፋ ያወጣል። አረፋ ካላወጣ የኖራ ድንጋይ አይደለም፣ ሌላ ፈልጊ።

እማዬ፣ የዓይን ሐኪሙን አነጋግሬያለሁ። ሞራ ነው፤ ይወጣና በቦታው ሌንስ ይገባል። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ከዚያ ሲሻልሽ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጥሻለሁ። ከመስመሯ በታች ያለውን አንዱን ሳህን፣ ከመስመሯ በላይ ያለውን ሌላውን ሳህን። ማንም ሳያስረዳሽ ልዩነቱን ትነግሪኛለሽ፤ የአንቺን ዓይን አውቀዋለሁ። ያየሁትን አይቻለሁ አትበይኝ። ይህን አላየሽም።

ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ታኅሣሥ 10 ተነሺ። ሜሮን አብራሽ ትምጣ፤ የሁለታችሁንም ትራንስፖርት ልኬያለሁ። አውቶቡስ ተራ እጠብቃችኋለሁ። እዚህ ሰፈር ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ አትደንግጪ፣ በርሜል ሞልቼ አስቀምጫለሁ። በርበሬ ደግሞ አትጫኚ። ያምናው ገና አላለቀም።

ልጅሽ