ጃሩን ብቻ አትስጡን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፈው ስለ ጃቫ፣ ስለ ፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ነው፤ ሠርታችሁ ስታስረክቡ ሶርስ ኮዱንና ማብራሪያውንም ስጡን ለማለት። ለጋዜጣ አይሆንም ካላችሁ ተዉት፤ ግን የቴክኖሎጂ ገጻችሁን የሙያ ጓደኞቼ ስለሚያነቡት ልሞክር ብዬ ነው።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ጠዋት ሲስተማችን ቀጥ አለ። ቀኑን ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ የምትቀይርልን ትንሽዬ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚገለገልባት ዝግጁ ኮድ) ለካ ጳጉሜን ሁሌ 5 ቀን ብቻ ይመስላታል። ለማስተካከል አንድ መስመር ይበቃ ነበር። መስመሩ የታለ? የሠራልን ድርጅት ያስረከበን ጃር ፋይሉን፣ ማለትም ለኮምፒውተር ተተርጉሞ የታሸገውን ኮድ ብቻ ነው፤ ሶርስ ኮድ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ራሱ) የለ፣ ጃቫዶክ (የኮዱ ማብራሪያ ሰነድ) የለ፣ የጻፈው ልጅም ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ዲኮምፓይል አድርገን፣ ማለትም የታሸገውን ሰው ወደሚያነበው ኮድ መልሰን ከፈትነው። ኮሜንት (ጸሐፊው ኮዱ ውስጥ የሚተወው ማስታወሻ) የሚባል ነገር የለም፤ መሀል ላይ 1723856 የሚል ቁጥር ተገትሯል። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው እያልን ስንጨቃጨቅ፣ የዘመናችንን መነሻ ከጁሊያን የቀን ቆጠራ (ቀናትን ከአንድ መነሻ ጀምሮ በተከታታይ ከሚቆጥረው) ጋር የሚያያይዝ ቁጥር መሆኑ የገባን ከሰዓት በኋላ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እኮ ነው! ቤት ዶሮው ይወጣል፣ እኛ ቢሮ ቁጥር እንፈታለን።

አሁን ጆዳ ታይም የተባለውን የጃቫ የቀን ላይብረሪ ተመልከቱ። የእኛን አቆጣጠር በውስጡ ይዟል። የጃቫ ላይብረሪዎች ለሁሉም በሚቀመጡበት ማቨን ሴንትራል ላይ ከዋናው ጃር ጎን የሶርስ ጃሩና የጃቫዶክ ጃሩ ተቀምጠዋል፤ ኮድ በምትጽፉበት ፕሮግራም ውስጥ ክላሱን ክሊክ ስታደርጉ ጳጉሜንን እንዴት እንደሚያሰላ ከነኮሜንቱ ይመጣላችኋል። ማቨን ሴንትራልማ ሁለቱን ሳትጨምሩ ጃር አይቀበልም (ባዶ ጃር ከትተው የሚያልፉ ብልጦች ቢኖሩም)። አንዴ የወጣ ቨርዥን ስለማይነካ፣ የረሳችሁትን ለመጨመር አዲስ ቨርዥን ማውጣት ነው።

ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። ኮዱን ጃር አድርገው ከሚያሽጉት መሣሪያዎች አንዱ፣ ግሬድል፣ ከቨርዥን 6 ጀምሮ በሁለት መስመር ይሠራዋል። ማቨን በተባለው ሌላው መሣሪያ ላይ የሶርስና የጃቫዶክ ፕለጊኖችን (ተጨማሪ ክፍሎችን) ፖም ፋይሉ፣ ማለትም የማቨን መመሪያ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሪሊዙ ራሱ ያወጣዋል።

«ኮዳችን ይሰረቃል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ለዓለም በትኑት ያለ የለም፤ ደንበኛው ብቻ በሚገባበት ሪፖዚተሪ (የኮድ ማስቀመጫ) አስቀምጡት። ደግሞስ ሊሰርቅ የፈለገ ሰው ጃሩን እንደኛው ዲኮምፓይል ያደርገዋል። ኮሜንቱን የሚያጣው ገንዘብ የከፈለው ደንበኛ ነው።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። የእኛ ላይብረሪ እንደገና ተጽፎ ሶርስ ጃሩም ከጎኑ ተቀምጧል። የእናንተን ከአሁኑ ክፈቱና እዩት።

የጃቫ ፕሮግራመር፣ ከአዲስ አበባ