ውሉን ከመፈረም በፊት የጭስ ማውጫውን ማየት ይገባል

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የእስያ ምግብ በፍጥነት የሚያቀርብ ሬስቶራንት በከተማ ሰፈር ውስጥ በፍራንቻይዝ፣ ማለትም የሌላን ድርጅት የንግድ ስምና አሠራር በክፍያ በመጠቀም፣ መክፈት ለጀማሪ ነጋዴ አስተማማኝ መንገድ እንደሆነ ተገልጿል። ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ጽሑፉ ስለዘለለው ስለ ማዕድ ቤቱ ጥቂት ልበል።

በዎክ የሚሠራ ምግብ ከሌላው የሚለየው በእሳቱ ነው። ጎድጓዳው መጥበሻ ምግቡን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያደርሰው በኃይለኛ ነበልባል በመሆኑ፣ የሚጤሰውን ዘይት የሚስብ ብርቱ የአየር መሳቢያ፣ እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ የጭስ ማውጫ፣ በቂ የጋዝ መስመርና ቅባቱን ከፍሳሹ የሚለይ ማጥለያ ያስፈልገዋል። እኔ ግን ቤቱን ስከራይ ያየሁት የእግረኛውን ብዛት ነበር። በከፈትን በሁለተኛው ሳምንት ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ወርደው፣ የመስኮታቸውን መስተዋት የወለወሉበትን ነጭ ጨርቅ ዘርግተው አሳዩኝ፤ ቢጫ ቅባት ጠጥቷል። እውነታቸውን ነበር። ማውጫውን ወደ ጣሪያ ለማዞር አንድ ወር ያህል ስንዘጋ ኪራዩም ደመወዙም አልቆመም።

ይህን ወጪ የንግድ ስሙ ባለቤት አይጋራም። በአብዛኞቹ ውሎች ሮያሊቲው፣ ማለትም ለስሙ ባለቤት በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ፣ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ስለሆነ፣ ሬስቶራንቱ ቢከስርም ሽያጭ እስካለ ድረስ ክፍያው ይቀጥላል፤ የማስታወቂያ መዋጮውም እንዲሁ። የሚሰጡትን ሥልጠና አላቃልልም፤ የበሰለ ሩዝ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ላይ መቆየት እንዳለበት፣ አለበለዚያ ሰው ሊመርዝ እንደሚችል የተማርኩት ከእነሱ ነው። የቤቱን ጉድለት የሚሸከመው ግን ፈራሚው ብቻ ነው።

በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሻሻለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ ፍራንቻይዙን የሚገዛው ሰው ውሉን ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀናት በፊት ዝርዝር መግለጫ እንዲደርሰው ያስገድዳል፤ በመግለጫውም ባለፈው የበጀት ዓመት ከሥራው የወጡ ባለቤቶች ስም ይካተታል። እንዲህ ያለ ግዴታ በሌለበትም ገዥው ራሱ ዝርዝሩን ይጠይቅ። ለጉብኝት የሚወሰድበትን የደመቀ ቅርንጫፍ አይቶ ከሚወስን፣ ለዘጉት ደውሎ ጭሱ በየት ይወጣ እንደነበርና ውሉ ሲቋረጥ የኪራዩ ዕዳ በማን ላይ እንደቀረ ቢጠይቅ ብዙ ይማራል። እናንተም በሚቀጥለው ዘገባችሁ ከዘጉት መካከል አንዱን እንድታነጋግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ