የትኛው ቅጠል ነው ቀድሞ የታመመው?

የሳይንስ ክበብ ዘገባ፣ 2016 ዓ.ም.

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ወላጅ ቤት ሲቀይሩ ማስቀመጫ ያጡለትን የዓሣ ገንዳ ለክበባችን ሰጡ። ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ነው። ልጆቹ አባዝተው 112 ሊትር አሉ፤ ጠጠሩ ገብቶ፣ ውሃውም ከአፉ ዝቅ ብሎ ሲሞላ ግን የሚይዘው 100 ሊትር ገደማ ሆነ። ያን ዕለት ያሰላነው ለልምምድ ያህል ነበር። ከጥር በኋላ ግን ያለዚህ ቁጥር አንዲት ግራም መመዘን አንችልም ነበር።

ዘንድሮ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል 23 አባላት ነበሩን፤ የምንገናኘውም ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በቤተ ሙከራው ጥግ ነው። ዕቅዳችን ዓሣ ማርባት ነበር። 14 ጉፒዎች ገዛን፤ መጠለያ ይሁናቸው ብለን ደግሞ አራት ዓይነት ተክል ጨመርን፦ ቫሊስኔሪያ፣ አኑቢያስ፣ ሃይግሮፊላና የአማዞን ሰይፍ የሚባለውን። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቁንም ያስተማሩንም ተክሎቹ ስለሆኑ ይህ ዘገባ ከዓሣ ይልቅ ስለ ቅጠል ያወራል።

አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ውሃችንን እናውቀዋለን። በፈረቃ ይመጣል፣ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ማንቆርቆሪያውን በጥቂት ወር ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ውሃ በመጣ ቀን በጀሪካን ቀድተን፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ክፍቱን አሳድረን ነው ወደ ገንዳው የምንጨምረው። ያ ነጭ ቅርፊት በሚያዝያ ወር ዋና ጉዳያችን እንደሚሆን ያን ጊዜ አላሰብኩም።

የመጀመሪያው ድንጋጤ የመጣው በኅዳር ነው። የአማዞን ሰይፉ ቅጠሎች አንድ በአንድ እየሟሙ ወደቁ። ልጆቹ ወዲያው «ቲቸር፣ ምግብ አንሶታል» አሉ። ይህ ግን የምግብ እጥረት አልነበረም። እነዚህን ተክሎች የሚያባዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥሮቻቸውን ብቻ በውሃ አርሰው ቅጠላቸውን አየር ላይ ያሳድጓቸዋል። አየር ላይ የበቀለ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲገባ አይኖርም፤ ተክሉ ይጥለውና ለውሃ የሚሆን ሌላ ያወጣል። ሦስት ሳምንት ምንም ሳንነካ ጠበቅን። የወጡት ቅጠሎች ከቀድሞዎቹ የሳሱና የረዘሙ ነበሩ። ለልጆች ምንም ሳያደርጉ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ለእኔም ቀላል አልነበረም።

በታኅሣሥ የሃይግሮፊላው የታች ቅጠሎች ተበሳሱ። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከተክሎቹ ጋር ሳናውቅ ያስገባናቸውን ቀንድ አውጣዎች ከሰሰ፣ ግማሹ የንጥረ ነገር እጥረት ነው አለ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቅጠሉን ቆርጣ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ በአጉሊ መነጽር ካየችው በኋላ ሁላችንንም ጠራችን። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት አለ። ገና ያልተበሱ ቦታዎችም አሉ፤ የመርፌ ራስ የሚያክሉ ቡናማ ነጥቦች፣ መሐላቸው ሊበጠስ የቀረበ። ቀንድ አውጣ የገመጠው ጤናማ ቅጠል እንዲህ አይሆንም፤ የቀዳዳው ዙሪያ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ይህ ቅጠል መጀመሪያ ከውስጥ ሞቷል፣ ከዚያ ተበስቷል። የፖታሲየም እጥረት ምልክት ይህ ነው። ነጩን ወረቀት ከዚያ ቀን ወዲህ አልተውነውም፤ በገንዳው አምፖል ሥር ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል፣ የስልክ ፎቶም ቀለሙን ያዛባዋል።

ዓመቱን ሙሉ የተመራንበትን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ የጻፍነው ያን ረቡዕ ነው፦ ቀድሞ የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ መዛወር ይችላሉ። ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየቀነሰ ለአዲሱ እንቡጥ ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚጎዳው የታችኛው ነው። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ከተቀመጡበት በቀላሉ አይነሱም፤ ሲያጥሩ ባዶ እጁን የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ነው። አንድ ልጅ «እናት ሲቸግራት ከታላቁ እንጀራ ቆርሳ ለታናሹ እንደምትሰጠው ነው» አለ። ብረትስ ሲባል ትንሽ አሰበና «እሱ ግድግዳ ላይ የተመረገ ጭቃ ነው፣ ፍቀው ሌላ ቤት አይሠሩበትም» ብሎ መለሰ። እኔ ከመጽሐፍ ካነበብኩላቸው ይልቅ ልጆቹ የያዙት የእሱን አነጋገር ነው።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ አልከበዳቸውም። አሮጌው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወየበ ናይትሮጅን፤ አሮጌው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ብቻ ከገረጣ ማግኒዥየም ይጠረጠራል። ፎስፈረስ ሲያንስ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም ያለ ልክ ይጠቁራል። አዲሱ ቅጠል ተጣሞና ተጨማዶ ከወጣ ካልሲየም ነው፤ ይህ ግን በእኛ ውሃ የሚያሰጋ አይደለም፣ ማንቆርቆሪያችን ምስክር ነው።

የዓመቱን ትልቁን ጉዳት አልሸፍነውም። በጥር ወር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከቤቱ ዩሪያ በላስቲክ ቋጥሮ አመጣ። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ጤፉ ሲወይብ አባቱ ዩሪያ ሲበትን፣ በሳምንታት ውስጥም ማሳው ሲያገግም አይቷል። ተክሎቹ አሳዝነውት ሐሙስ ማታ አንድ ማንኪያ ጨመረ። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል፤ እንደ እኛ ዓይነት ወደ አልካሊ ያዘነበለ ውሃ ውስጥ ደግሞ አሞኒያ ለዓሣ ይብስ መርዝ ነው። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ዓሣዎቹ ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ያጣጥሩ ነበር። በባልዲ ባሳደርነው ውሃ ሁሉ ቀየርን፤ ከ14ቱ 9ኙን አጣን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ገንዳውን ከፍቼ፣ ምን እንደማይጨመርበት ሳልነግራቸው ነው የሄድኩት።

ልጁ ሁለት ረቡዕ ቀረ። በሦስተኛው ክፍሉ ድረስ ሄጄ ጠራሁትና ዩሪያው መርዝ ባይሆን እንኳ ይጠቅም እንደነበር አብረን አሰላን። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ፖታሲየም የሚባል የለበትም። የተበሳውን ቅጠል አያድነውም ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ገበሬዎቻችን ዳፕ የሚባለውን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ማዳበሪያ እና ዩሪያን ብቻ ሲያውቁ ቆይተው፣ አፈሩ ሲጠናና ካርታው ሲሠራ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮንም እንደሚያንሱት ታይቶ ድኝ የተጨመረበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያና ቅይጦቹ የመጡት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ነገርኩት። ይህን ለአባቱ ወስዶ ነግሯቸዋል። ዛሬ የክበቡ መዝገብ ያዥ እሱ ነው።

የጎደለውን የሚሞላልንን ማዳበሪያ፣ ፖታሲየም ሰልፌትን፣ ያገኘነው አበባ እርሻ ከሚሠሩ አንድ ወላጅ ነው። ከክብደቱ 45 በመቶ ያህሉ ፖታሲየም ስለሆነ፣ በ100 ሊትር ውሃ ላይ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ለመጨመር 2.2 ግራም ይበቃል። የኬሚስትሪ መምህራችን ሚዛኑን አዋሱን። የፖታሲየም መመርመሪያ ወረቀት ስላልነበረን ማረጋገጫችን ዓይናችን ብቻ ነበር፤ ለዓይን ደግሞ ምልክት ያስፈልገዋል። አንዲት ተማሪ ከእናቷ የስፌት ሣጥን ቀይ ክር አምጥታ በሃይግሮፊላው ግንድ ላይ፣ ከመጨረሻው አዲስ ቅጠል ሥር አሰረችው። ከክሩ በታች ያለው የትናንቱ ነው፣ ከክሩ በላይ የሚወጣው ውጤታችን። የተበሳ ቅጠል አይደፈንም፤ አሮጌውን እያዩ ማዳበሪያ የሚጨምሩ ሰዎች ለዚህ ነው ከልክ የሚያልፉት። በየካቲት መጨረሻ ከቀዩ ክር በላይ አራት ጥንድ ቅጠል ነበር፤ አንድም ቀዳዳ የለበትም።

ተክሉም ያለ ልክ ያድግ ጀመር። ደስታችን ሳያልቅ፣ በመጋቢት መጨረሻ ጫፎቹ ገረጡ። አሁን ጥያቄው ለማንም አልከበደም፤ የታመመው አዲሱ ቅጠል ነው፣ ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሐሉ ሎሚ የመሰለ ቢጫ። ብረት ነው። ግን ለምን አሁን? ጀርመናዊው የእርሻ ሳይንቲስት ካርል ሽፕረንግል በ1828፣ ከእሱ በኋላም የአገሩ ሰው ኬሚስቱ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስተማሩት እዚህ ይገባል፤ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የተክልን ዕድገት የሚወስነው ከሚፈልገው አንጻር ከሁሉ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው። ፖታሲየም ሲያንስ ዕድገቱ ዝግ ስላለ ያለው ብረት ይበቃ ነበር። ፖታሲየሙ ሲሞላ ተክሉ ፈጠነ፣ ብረቱም አጠረ።

«ሚስማር እንጨምርበት?» ያለውን ልጅ አመሰግነዋለሁ፤ ጥያቄው የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት መልሶ አመጣልን። ውሃ አሲድ ይሁን አልካሊ የሚለየው የፒኤች ወረቀታችን በ7.5 እና በ8 መካከል ነው የሚያሳየው፤ ቅርፊት የሚያለብሰው ውሃችን ወደ አልካሊ ያዘነበለ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ብረት ዝጎ ይዘቅጣል፤ አለ፣ ግን ተክሉ አያገኘውም። ስለዚህ ብረቱ እንዳይዝግ በሌላ ሞለኪውል ተሸፍኖ መግባት አለበት። ሽፋኑም ይለያያል፦ ኢዲቲኤ የሚባለው በእኛ ውሃ ቶሎ ይለቀዋል፣ ዲቲፒኤ ትንሽ ይታገሣል፣ ኢዲዲኤችኤ ይጸናል ግን ውሃውን ቀይ ያደርገዋል። ከአበባ እርሻው በዲቲፒኤ የተሸፈነ ብረት አግኝተን፣ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ብረት ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በሲሪንጅ ሰጠነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ብንጨምር አልጌውን፣ መስታወቱን የሚሸፍነውን አረንጓዴ ሽፋን፣ ነበር የምንቀልበው። በዚህኛው አረንጓዴ ክር አሰርን።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ አባ ሳሙኤል ሄድን፤ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ግድብ ነው። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚያ ሲሆን ውሃውን እምቦጭ ሸፍኖታል። ልጆቹ ነጭ ወረቀታቸውን አውጥተው አንድ የእምቦጭ ቅጠል ዘረጉበት። አንድ ቢጫ ነጥብ ፈለጉ፤ አጡ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ «ቲቸር፣ ለዚህ ማን ክር ያስርለታል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄዋ ግን በመዝገቡ ለ2017 በተተወው ገጽ ላይ መጀመሪያ ሰፍሯል።

ክረምቱን ገንዳውን የሚጠብቁልን የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ ናቸው። ዓሣዎቹን በሁለት ቀን አንዴ፣ በቁንጥጫ ብቻ እንዲመግቡ ተነግሯቸዋል፤ 5 የነበሩት ጉፒዎች ወልደው 17 ሆነዋል። የብረቱ ሲሪንጅ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ መዝገብ ያዡ ጋ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ እየመጣ ይሰጣል። ሰኔ 21 ቀን ስንለያይ ከአረንጓዴው ክር በላይ ስድስት ጥንድ ቅጠል ቆጥረናል።