«ቲማቲም!»፦ የንባብና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሰው ገድሏል። በወረቀት ላይ ነው፤ ወላጆች እንዳትደነግጡ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። እንደ ወትሮው ግጥም ልናነብ ተሰብስበናል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሁሌ ግጥም ነው እንዴ? ለምን የወንጀል ታሪክ አንጽፍም?» አለች። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እሺ አልኩ፤ ግን መርማሪዋ ሴት ሐኪም ትሁን፣ ዘመኑም መካከለኛው ዘመን ይሁን። ስልክ የለ፣ ካሜራ የለ፣ የጣት አሻራ የለ። እስቲ እናያለን።

«በዚያ ዘመን ሴት ሐኪም ነበረች እንዴ?»

ነበረች። በደቡብ ኢጣሊያ ባሕር ዳር ያለችው ሳሌርኖ በ12ኛው መቶ ዘመን በሕክምና የታወቀች ከተማ ነበረች። ትሮታ የምትባል ሴት እዚያ ታክም፣ ስለ ሕክምናም ትጽፍ ነበር። ስለዚህ ታሪካችንን ሳሌርኖ ላይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1171 ላይ ጀመርነው። እኛ ጋ ያኔ ዛግዌዎች ናቸው የነገሡት። መርማሪዋን ልጆቹ አቤላ አሏት። አንድ የሱፍ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ፣ መሰላል ሥር፣ በፊቱ ተደፍቶ ይገኛል። ሰፈሩ «ወድቆ ነው» ይላል። አቤላ አልተዋጠላትም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በሳምንቱ መጣ። ገዳዩ ነጋዴውን አስቀድሞ ሊመርዘው ሞክሯል። በምን? በፓስታ በቲማቲም ስጎ! ኢጣሊያ ሲባል ሌላ ምን ይታሰባል። ቲማቲም ግን ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ኮሎምበስ ውቅያኖሱን የተሻገረው በ1492 ነው። ገዳያችን 300 ዓመት ቀድሞ ስጎ ሠርቷል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ነገር ሁሉ «ቲማቲም» ተባለ። አቤላ የእጅ ሰዓቷን ስታይ፣ ቲማቲም! «ጀርም ይኖረዋል» ብላ እጇን ስትታጠብ፣ ቲማቲም!

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው በሬሳ ምርመራ ላይ ነው። ሐኪም መሆን የሚፈልግ አንድ ልጅ አቤላ የነጋዴውን ሆድ ስትከፍት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ መጣ። ከኋላ «ቲማቲም!» ተጮኸበት። ተናደደ። ሄዶ አነበበና በሳምንቱ ራሱ ተመልሶ ነገረን። የሳሌርኖ መምህራን ለትምህርት ይከፍቱ የነበረው አሳማ ነው። ተመርዞ ነው የተባለ ሰው አስከሬን ቦሎኛ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ውስጥ በዳኛ ትእዛዝ የተከፈተው በ1302 ነው፤ ያውም ሐኪሞቹ መርዝ አይደለም አሉ። «131 ዓመት ብቻ ነው የቀረው፣ ቲቸር» ብሎ ለመነኝ። አልፈቀድኩም። አሳማ እንድትከፍት ግን ተፈቀደላት። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ምርጥ ምዕራፍ እሱ ነው።

ታዲያ ሆድ ካልተከፈተ ወንጀሉ በምን ይታወቅ? የባዮሎጂ መምህራችንን ጋበዝን። ሰው ከሞተ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መንጋጋው መድረቅ ይጀምራል፤ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መላ አካሉ ይደርቃል፤ ከዚያ ደግሞ ይላላል አሉን። ደምም ወደ ታች ይወርዳል። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቤላ ይህን ብታውቅ ቲማቲም ነው ወይስ አይደለም?

አንዲት ዝምተኛ ልጅ «አያቴ ታውቀዋለች» አለች። አያቷ በሰፈራቸው ሴት ስትሞት የሚገንዙ ናቸው። ጠይቃቸው የነገሯትን ደብተሯ ላይ ጽፋ መጣች፦ «ሳትቀዘቅዝ ዓይኗን ትከድኛለሽ፣ መንጋጋዋን ታስሪያለሽ፣ እጇን ታስተካክያለሽ። ካደረች እሺ አትልሽም። በጀርባዋ ተኝታ ካደረች ደግሞ ጀርባዋ በልዞ ታገኚዋለሽ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አያትዬው ይህን ያወቁት ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። ሳሌርኖም ሬሳ የሚያጥቡ ሴቶች አይጠፉም። ስለዚህ አቤላ የሟቹን ሸሚዝ ስትገልጥ ጀርባው በልዟል። የተገኘው ግን በፊቱ ተደፍቶ ነው። ሌላ ቦታ በጀርባው ተኝቶ አድሮ ኋላ መሰላሉ ሥር የጣለው ሰው አለ ማለት ነው። ቲማቲም ያለ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ድራማ አሳይተናል። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1322 ያኮባ ፌሊሲ የምትባል ሴት ፓሪስ ውስጥ ያለ ፈቃድ ታክማለች ተብላ ተከሰሰች። ክሱ በሽተኛ መጎብኘት፣ የልብ ትርታ በእጅ መዳሰስ፣ ሽንት ማየት ነው። ምስክሮቹ ቀርበው አዳነችን አሉ። እሷም ሴት ገላዋን ለወንድ ማሳየት ታፍራለችና ሴትን ሴት ብታክማት ይሻላል ብላ ተከራከረች። አልሰሟትም። 60 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ ነው) ተቀጣች፣ ተወገዘችም። እኛ ግን ፍርዱን ለታዳሚው ተውነው። ከሳሹ ንግግሩን እንኳ አልጨረሰም፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ በነፃ ለቀቃት። ይኼም ቲማቲም ነው። ዝም አልኩ።

ሌላው ሌላው እንደሚታወቀው ነው። በ23 አባላት ጀምረን በ14 ጨረስን። በሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ በእረፍት ሰዓት ይነበብ ነበር፤ ማይኩ ሁለቴ ተበላሽቶ ልጆቹ በረንዳ ላይ ቆመው በጩኸት አነበቡት። ለፎቶ ኮፒ ያወጣነው ብር ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ለከርሞ ታሪኩን የት እናድርገው በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ ጎንደር የሚሉ ይበዛሉ።

መጽሐፉ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። ሦስት ቅጂ ነው። በአንደኛው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን አንድ ሰው የገዳዩን ስም በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ አስምሮበታል። የእጅ ጽሑፉ ግን ለእኔ አዲስ አይመስለኝም። ሰሞኑን የ9ኛ ክፍልን ፈተና አርማለሁ።