ሁለት ጎፈር ያላት ስሙኒ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንዴት ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ለእማማ ለቅሶ እንኳን አልደረስኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ልጄ ነው።

ያ አዝለህ ያሳደግከው ልጅ ቁመቱ ጥሎኝ ሄዷል። ተዋናይ ካልሆንኩ ብሎ ከተነሳ ቆየ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄዶ ለፊልም ተፈተነ። «ድምፅህ ወፍራም ነው፣ ቁመትህም ከሌሎቹ ጋር አይሄድም» ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። በዚህ ሙቀት መስኮት አይከፍትም! ምሳውን በሩ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ እንጀራው ደርቆ ይጠብቀኛል።

እኔ ደግሞ... እንዴት ብዬ ልንገርህ። በመጣ ማግስት «አላልኩህም?» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች።

አቦ፣ የሕንድ ፊልሙን ተዋናይ አሚታብ ባቻንን ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ቪዲዮ ቤት ብርድ ልብሱ ሥር ተሸጉጠን፣ አንተ በዚያች ቁመትህ «ዳርሜንድራ እኔ ነኝ» ስትል የነበርከው! እስቲ ንገረው። የሕንድ ራዲዮ «ድምፅህ አይሆንም» ብሎ እንደመለሰው። በፈረንጆቹ 1969 ጀምሮ፣ በ1973 ያን ቁጡ ፖሊስ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አብዛኞቹ ፊልሞቹ እንደከሰሩ። በ1982 ፊልም ላይ እንደኛ ለገሃር ሐማሎች ሆኖ ሲሠራ፣ ድብድብ ሲቀረጽ ሆዱን ተመትቶ ከሞት አፋፍ እንደተመለሰ። ኋላም ድርጅቱ ከስሮ ዕዳ ሲውጠው፣ በ2000 በ57 ዓመቱ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ይዞ እንደመጣ። በምኑ? ራዲዮው በመለሰው ድምፅ!

እኔ ብነግረው ምክር ይሆንበታል። አንተ ስታወራው ግን ጨዋታ ነው።

በ«ሾሌ» ፊልም አሚታብ የሚወረውራትን፣ ሁለቱም ፊቷ አንድ የሆነውን ሳንቲም አይተን፣ ሁለት ስሙኒ በሙጫ አጣብቀን የሠራናትስ? ሁለቱም ፊቷ ጎፈር የሆነችው! አለች። ትናንት በበሩ ሥር አሾለክሁለት። ብዙ ዝም አለ። ሲያገላብጣት፣ ወለሉ ላይ ሲጥላት፣ ደግሞ ሲያነሳት ይሰማኛል። ከዚያ «አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ጋሼን ጠይቀው» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ይደውልልሃል። እባክህ አንሳለት።

ያንተው